ከበለስ ዛፍ የወደቀው ሰው

ጋሽ ሃይሪ ዛፉን ሊቀጣ የሞተር መጋዝ ተውሶ የመጣው ገና የቁርስ ሳህን ሳይነሳ ነበር። ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ የሚነዳው ባቡር ስላጣ ጎረቤቱን ሲነዳ ይውላል። ከፎቁ ሥር ባለችው ጠባብ ግቢ የበቀለውን የበለስ ዛፍ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወደቆመችው ወደ ሱሄይላ ቀና ብሎ “ይሄ አረመኔ ዛሬ አበቃለት! ሰው የሚያህል ነገር ሰብሮ እሱ ደግሞ ፍሬ ያፈራልኛል?” አላት። እውነትም ዛፉ በዚያ ዓመት እንደ ጉድ አፍርቶ ነበር። ቅርንጫፎቹ ከፍሬው ክብደት የተነሳ ጎብጠው የበረንዳውን ብረት ይነካሉ። ገበያ ላይ የአንድ ኪሎ በለስ ዋጋ ሰውን በሚያስደነግጥበት በዚህ መስከረም፣ ከእነሱ ዛፍ አንዲት ፍሬ የቀጠፈ የለም። ሰው ያሽመደመደ ዛፍ ፍሬ እንዴት ጉሮሮ ይወርዳል ብሎ ሰፈሩ ፈርዶበታል።

ሰፈሩ የሚያውቀው፣ የሱሄይላ ባል ነዲም ባለፈው የካቲት ቅርንጫፍ ሲከረክም ከዚህ ዛፍ ወድቆ ከወገቡ በታች አልታዘዝ እንዳለው ነው። ሐኪም ቤት የተጻፈውም ይኸው ነው። ነዲም ግን ዛፍ ላይ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። እሱ የወደቀው፣ የሱሄይላ ታላቅ ወንድም ሪፋት በጀልባ ፋብሪካው ከሚያሠራት ትልቅ የመዝናኛ ጀልባ ላይ፣ ጣሪያዋን ቫርኒሽ ሲቀባ፣ በአንድ ጎኑ ካልታሰረ መወጣጫ ነው። ያን ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሲከንፉ መኪና ውስጥ፣ ሪፋት መሪውን እንደያዘ “ከዛፍ ነው የወደቀው እንበል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ በሩን ካሸገብን ሁላችንም አለቅን” አለ። ሱሄይላ የባሏን ጭንቅላት በጭኗ ላይ ይዛ ነበር። አዎም አይሆንምም አላለችም። ዛፉ የተፈረደበት በዚያች ዝምታ ነው።

አሁን ነዲም መስኮቱ ሥር በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ እንደያዘ መጋዙን ያያል። ሱሄይላ በረንዳው ብረት ላይ ተደግፋ “ጋሽ ሃይሪ፣ ዛሬስ ይተዉት በሞቴ። ዛሬ የወንድሜ ጀልባ ውሃ የምትገባበት ቀን ነው፤ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው” አለች። ሽማግሌው “መጋዙ የሰው ነው ልጄ፤ ማታ ልመልስ ቃል ገብቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ላድርገው?” ሲላት ግን ስልኳ ውስጥ ክፍል ሲጮህ ሰማች፤ ሳትመልስለት ገባች። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው።

የደወለው ሪፋት ነው። ድምፁ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ያስታውቃል። “ሱሄይላ፣ ጋሽ ሻባን አልለቅም አለኝ” አላት።

ሻባን ጀልባዎቹን በሐዲድ አንሸራትቶ ወደ ውሃ የሚሰድ ሽማግሌ ነው፤ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ያለሱ እጅ ውሃ የነካ ጀልባ የለም። ጀልባ ከመውረዷ በፊት ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ “ሐቃችሁን ሐላል አድርጉልኝ” ይላል፤ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ ሦስት ጊዜ “ሐላል ይሁን” ይባላል። የደከመ፣ የተሰደበ፣ ጣቱ የተቆረጠ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ሐቄን ብሎ የሚመለስ ሰው በዚህ ዓለምም በወዲያኛውም ዓይን አውጣ ነው። ሻባን እንግዲህ በጧቱ ሐዲዱ አጠገብ በርጩማ አስቀምጦ፣ “አጥንቱን የሰበረባት ሰው መጥቶ ሐላል ካላለ እኔ ሰንሰለቷን አልፈታም፤ ሌላ ሰው ፈልግ” ብሎ ሻዩን አዝዟል። ሌላ ሰው እንደሌለ ያውቃል።

“ሊገዛት የሚመጣው ሰውዬ ከምሳ በኋላ ይደርሳል” አለ ሪፋት። “ይቺ ካልተሸጠች ባንኩ ፋብሪካውን ይወስደዋል፤ ታውቂያለሽ። ነዲምን አንቺ ንገሪው። አንቺን ይሰማል።” ከየካቲት ወዲህ ሁለቱ በስልክ ስለ ስፖንጅ ውፍረትና ስለ ቆዳ ቀለም ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። የጀልባዋን መቀመጫ፣ ፍራሽና የግድግዳ ቆዳ ሁሉ የሰፋችው ሱሄይላ ናት።

ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤት ቆመች። ሪፋት ጀልባዋ እስክትሸጥ ታገሱኝ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ፣ ነዲምም በሥራ ላይ እንደተጎዳ ሰው የሚገባውን ያገኛል ብሎ ምሎላት ነበር። አሁን ግን ነዲም ሰው ፊት ቆሞ፣ መቆሙ እንኳን ቀርቶበት፣ ተቀምጦ ሐላል ካለ የምን መናገር? ሪፋት አይዋሽም ይሆናል፤ ግን ነገሩ በእግዚአብሔር ፊት ተዘግቷል ብሎ ልቡ ያርፋል። ያረፈ ልብ ደግሞ ሐኪም ቤት ድረስ አይሄድም። ወንድሟን ታውቀዋለች።

ነዲምን ለመንገር የመረጠችው ጊዜ ጢሙን ስትላጨው ነው፤ አረፋ ፊቱን ሸፍኖት ዓይኑን ብቻ ነው የምታየው። ነገረችው። ምላጩን ጉንጩ ላይ ሁለቴ አመላለሰች።

“እሄዳለሁ” አለ።

“ሄደህ ምን ልትል?”

“የሚባለውን ነዋ።”

“ነዲም፣ ከዚያ ወዲያ እኮ መጠየቅ የለም።”

“እስካሁንስ ማን ጠየቀ?” አለና አገጩን ቀና አደረገላት፣ አንገቱን እንድትላጨው። ካልጠየቁት አንዷ እሷ መሆኗ ገባት፤ የተቆጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ነዲም ግን ንጹሕ ሸሚዝ እንድታወጣለት ጠየቀ፣ ነጩን ሳይሆን ሰማያዊውን፤ ነጩ አንገቱ ይጠበዋል።

የፋብሪካው መኪና መጥታ ወሰደቻቸው። በባሕሩ ዳርቻ ያለው መንገድ እንደ ወትሮው ተጨናንቋል፤ ከግራና ቀኝ የጭነት መኪኖች ብረትና ጣውላ ይዘው ጡሩምባ ይነፋሉ። ሾፌሩ ነገር ለማሳመር ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራ፤ ጎን ያለው ፋብሪካ ሁለት ትእዛዝ ተሰርዞበት ግማሹን ሠራተኛ አሰናበተ አለ። ሱሄይላ እሺ እሺ አለችው። ዓይኗ የነዲም እጆች ላይ ነበር። ቫርኒሽ ሲቀባ እንደኖረ ሰው ጥፍሮቹ ዙሪያ ቡናማ ናቸው፤ ሰባት ወር ሳይነካውም አልለቀቀም። የጀልባ ገበያው እንዲህ አልነበረም። ወረርሽኙ ባለፈ ሰሞን የዓለም ሀብታም ሁሉ ከሰው ርቄ ባሕር ላይ ልኑር ያለ ይመስል፣ ጀልባ በስልክ ይታዘዝ ነበር። ሪፋት ያኔ “እኔ ልሥራት እንጂ ገዢዋ በእግሩ ይመጣል” ብሎ ይህችን ያለ ገዢ ጀመራት። አካሏ አልቆ ወለሏ ሲነጠፍ ገበያው ቀዘቀዘ። ሀብታሞቹ የጣሊያኑን ከሆላንዱ፣ አዲሱን ካገለገለው እያወዳደሩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ባንኩ ግን እጁን አልሰበሰበም። ጣሪያው ሳይደርቅ ሌላ ቀለም፣ መወጣጫው ሳይታሰር ሰው የወጣበት ጥድፊያ የመጣው ከዚያ ነው።

ፋብሪካው በር ላይ ሠራተኞቹ ነዲምን ከበቡት። ትከሻውን ሳሙት፣ አንዱ “ወፍረሃል እኮ፣ ሱሄይላ ቅቤ ነው እንዴ የምታበላህ?” አለው፣ ሳቁ። ወደ ጎማዎቹ ግን ማንም ዓይኑን ዝቅ አላደረገም። ያን ቀን አጠገቡ የነበሩ ናቸው፤ ተሸክመው ያወጡት ናቸው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ አላየንም ለማለት ግን ሁሉም አፋቸውን አሟሽተዋል፤ ልጅ አላቸው፣ ኪራይ አለባቸው። ሪፋት ከቢሮው እየሮጠ ደረሰ። ክራቫት አስሯል፣ ፊቱ አመድ ነው። ነዲም ፊት ጎንበስ ብሎ ከመርገጫው የተንሸራተተውን እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስተካከለለት። ነዲም እግሩ መነካቱን አላወቀም፤ አሻግሮ ጀልባዋን ነበር የሚያየው።

ሐዲዱ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጭ፣ ሠላሳ ስምንት ሜትር፣ አፍንጫዋ በሪባን ታስሯል። የእንጨት ጠርዞቿ ፀሐይ ሲነካቸው እንደ ማር ያበራሉ። ያ የነዲም እጅ ነው። ወደ ጎኗ እንዲገፉት ጠየቀና መዳፉን ጠርዟ ላይ አሳረፈ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና “እዚህ ጋ ማነው የጨረሰው? ቸኩሏል” አለ። ሱሄይላ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ሪፋት ፎቁ ላይ ወዳለው የስፌት ክፍሏ ተከትሏት ወጣ። የተቆራረጠ ቆዳና የስፖንጅ ፍርፋሪ መሐል ቆመው፣ ስፌት መኪናው በሁለቱ መካከል ነበር። ነዲም የወደቀ ዕለት ድምፁን የሰማችው እዚህ ተቀምጣ ነው። ሪፋት መዘግየት ስለማይችል ቶሎ ቶሎ ተናገረ፤ ገዢው ከሞናኮ ከአንዲት ደላላ ጋር ሊደርስ ነው፣ ቤልጂየማዊ ነው፣ የተከተፈ ድንች በበረዶ አቆይቶ ለግማሽ ዓለም የሚሸጥ፣ ሦስት ጀልባ ዓይቶ ትቶ የመጣ፣ ከጠረጠረ የሚሄድ።

“ከተሸጠች በኋላ እናስተካክላለን” አላት።

“ሐላል ካለ በኋላ ምኑን ነው የምታስተካክለው ጋሼ?”

ክራቫቱን ነካካ። “አባባ ቢኖር ምን ይል ነበር አትበይኝ ብቻ” አለ። እሷ አባባን አላነሳችም። እሱ ግን ራሱ አንስቶ ራሱ ፈርቶ ወረደ። ሱሄይላ መስኮቱ ጋ ቆማ ቀረች፤ ነዲም አፉን እንዳይከፍት ትጸልይ ወይስ እንዲከፍት፣ የቱን እንደምትፈልግ እሷም አላወቀችም። ሐላል ካላለ የስልሳ ሠራተኛ ቤት ይዘጋል። ሐላል ካለ ደግሞ ባሏ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከዛፍ የወደቀ ሰው ነው።

ድንች ነጋዴው ቁመቱ አጭር፣ ባርኔጣው ትልቅ ነበር። ደላላዋ ዴርያ የዚሁ አገር፣ የኢዝሚር ልጅ ናት፤ ሞናኮ ሰባት ዓመት ብትቀመጥም ሻይ ሲቀርብላት ስኳሩን የምታማስለው እንደ ሰፈር ሴት ነው። ሁለቱ ጥላው ሥር ቆሙ። በግ ታረደ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሠራተኞቹ በሐዲዱ ዳርና ዳር ተሰለፉ። ሻባን ከበርጩማው ተነሥቶ ሰንሰለቱ ጋ ቆመ፣ ትልቁን መዶሻ በሁለት እጁ ይዞ። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው፤ እነሱም ሁለት ብቻ ናቸው፣ ከፎቅ የወረደችው ሱሄይላና ሻይ የምታፈላው። ነዲም ከፊት፣ ወንበሩ ላይ።

ሪፋት ጉሮሮውን ጠረገ። “ሐቃችሁን ሐላል አድርጉልኝ” አለ።

“ሐላል ይሁን” አሉ ስልሳው። የነዲም ድምፅ ከሁሉ ጎልቶ ተሰማ። የነዲም ልብ ንጹሕ ነው፤ ቂም መያዝ ያደክመዋል። ሪፋት ዓይኑን ጨፈነ፣ ከትከሻው ላይ ድንጋይ የወረደለት መሰለ። ሁለተኛ ጠየቀ፤ ሁለተኛም መለሱ፣ ነዲምም መለሰ። ሱሄይላ ግን ከንፈሯ እንዳልተላቀቀ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ከጧት ጀምሮ የባሏን ሐቅ ተሸክማ ስትሮጥ ነበር የዋለችው፤ ጠይቂው ተባለች፣ ጠየቀች፤ አምጪው ተባለች፣ አመጣች። የራሷን ማንም አልጠየቃትም። እሷም እዚህች ጀልባ ላይ እጇ አለ፣ ዓይኗ የፈዘዘበት ስፌት አለ። እሷም በየካቲት አንድ ነገር ተወስዶባታል። እንደምትቆጣ አላሰበችም ነበር፤ አሁን ግን ቁጣው ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት።

“ለሦስተኛ ጊዜ፣ ሐቃችሁን ሐላል...” ብሎ ሪፋት ቆመ። የእህቱን ዝምታ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በስልሳ ሰው ድምፅ መሐልም ለይቶ ሰምቶታል። ወደ ኋላ አሻግሮ አያት። “ሱሄይላ?” አለ፣ ሰው እንዳይሰማው ያህል።

“የት ነው የወደቀው?” አለችው። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት።

ሰዉ ዞሮ አያት። ነዲም “ሱሄይላ ተይ” አለ። ዴርያ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሪፋት ወደ ድንች ነጋዴው አየ፣ ወደ ጀልባዋ አየ፣ ወደ ሻባን አየ። ሻባን መዶሻውን መሬት ላይ አስደግፎ እጁን ከጆሮው ኋላ አቁሟል።

“ከዚህች ጀልባ ላይ ነው” አለ ሪፋት።

“አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ደክሟል” አለ ሻባን። ጆሮው የሚደክመው ሲፈልግ ብቻ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

“ከዚህች ጀልባ ላይ ነው የወደቀው!” ብሎ ጮኸ ሪፋት፣ ድምፁ በፋብሪካው ጣሪያ ላይ አስተጋባ። “መወጣጫው አልታሰረም ነበር። ቶሎ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ከዛፍ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።” ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ክራቫቱን ይዞ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየው።

ሱሄይላ የሻይ አፍዪዋን ክንድ ያዘች። “ሐላል ይሁን” አለች፣ ከአፏ ሲወጣ ደግሞ እውነት ነበር። ስልሳው ተከተሏት፣ እንደ መጀመሪያው ሳይሆን ተንጠባጥበው፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ቀርቶ፤ ብዙዎቹ ወደ ነዲም ጎማዎች እያዩ። ነዲም ግን በሦስተኛው ድምፅ አልወጣለትም። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ሻባንም ይበቃል አለ።

“ነገ ጧት ሐኪም ቤት አብሬህ እሄዳለሁ” አለው ሻባን ለሪፋት፣ መዶሻውን እያነሣ፤ “መንገዱ እንዳይጠፋህ።” ከዚያ መታ። ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ጀልባዋ አንድ ጊዜ አቃሰተችና በሐዲዱ ላይ ወረደች፣ ውሃውን ከፍላ ተቀመጠች። ፉጨትና ጭብጨባ ሆነ። ድንች ነጋዴው ባርኔጣውን አወዛወዘ፤ ከዚያም ወደ ዴርያ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት፤ ሴቲቱ ምን አለች፣ ሰውዬውስ ስለምን አለቀሰ መሆን አለበት። ዴርያ ሱሄይላን ረዘም አድርጋ አየቻት፣ በፈረንሳይኛ አጭር ነገር መለሰች። ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ሱሄይላ ዴርያን ሻይ ማስቀመጫው ጋ አገኘቻት። “ምን አልሽው እህቴ?”

“ዱዓ ነው አልኩት” አለች ዴርያ። “ሌላ ምን ይባላል? ነገ ባሕር ላይ ሞክሮ ይፈርማል፤ ወዷታል።” ሱሄይላ ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ሰባት ወር ሙሉ ወንድሟን እንቅልፍ የነሣው ቃል ወጥቶ ተነገረ፣ ገዢውም አልገባውም፣ ሰማዩም አልወደቀም። ይፈርማል መባሉም ቢሆን መፈረም አይደለም። ግን ስልሳ ሰው ሰምቷል፤ ከእንግዲህ አላየሁም ማለት ይከብዳል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ነዲም እንደ ሰከረ ሰው አወራ። የጀልባዋ አፍንጫ ውሃ ሲነካ እንዴት እንደሆነ፣ ያቺን የተቸኮለባትን ጠርዝ ከወንበሩ ላይ ሆኖም ሊያስተካክላት እንደሚችል፣ ሪፋትን ነገ ምሳ እንጥራው እንደሆነ። እጇን ይዞ ነበር። ሱሄይላም ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። መኪናዋ ወደ መንገዳቸው ስትታጠፍ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ በርቶ አየች። ያ ብርሃን ከሰዓት በኋላ እዚያ ደርሶ አያውቅም፤ ጥላ ነበረው።

ጋሽ ሃይሪ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ጸጉሩ በእንጨት ብናኝ ነጭ ሆኗል፣ መጋዙ አጠገቡ ነው፣ ቅርንጫፎቹን በቁመታቸው ለይቶ ግድግዳው ሥር ደርድሯቸዋል። በራቸው ላይ አንድ ቅርጫት ሙሉ በለስ አስቀምጧል። “እፎይ በሉ!” አለ ተነሥቶ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ። “ደማችሁን መለስኩላችሁ።”

ሽማግሌው ምስጋና ይጠብቃል፣ ደክሟል፣ እጁ ተቧጭሯል። ነዲም በምልክት ወደ ጉቶው እንድትገፋው አሳያት። የወንበሩ ጎማ ብናኙ ላይ መንገድ አወጣ። ጉቶው ገና እርጥብ ነው፤ ከዳር ዳሩ እንደ ወተት ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ነዲም ጎንበስ ብሎ፣ ጀልባዋን እንደዳሰሰ፣ መዳፉን እላዩ ላይ አሳረፈ።

“ሐቅህን ሐላል አድርግልን” አለ።

ጋሽ ሃይሪ ሳቅ ጀምሮ ተወው። ነዲም ደገመው፤ ሱሄይላም አጠገቡ ተንበርክካ እጇን እጁ ላይ አደረገች። ሦስተኛውን አብረው አሉት። ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለው ጠበቁ።